ፋይሉ የማን ነው?

(በደሴ ከተማ ለዲዛይንና ለህትመት ሠራተኞች ስብሰባ የቀረበ ንግግር)

ሰላም አለይኩም። ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ዋላችሁ?

ሐረጎን ወጥታችሁ ከኮምቦልቻ የመጣችሁ፣ ከሐይቅ፣ ከከሚሴ፣ ከወልድያ የተነሳችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። እዚሁ ከፒያሳና ከቧንቧ ውሃ ሱቃችሁን ዘግታችሁ የመጣችሁም ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። በእኛ ሥራ ሱቅ መዝጋት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ባነሩን ለነገ ጠዋት የሚፈልግ ደንበኛ አሁንም እየደወለ ነው። አባቶች መርቀው ከፍተውልናል፣ አሚን ብለናል። ወደ ጉዳዩ ልግባ።

የምናወራው ስለ አንድ ብሶት ነው። ጠዋት ኮምፒውተሩን ትከፍታላችሁ። ፕሮግራሙ ሌሊት ራሱን አፕዴት አድርጓል። ትናንት እዚህ የነበረው ቁልፍ ዛሬ የለም። የከረመው ፋይል አልከፈት ይላል። ፎንቱ፣ የፊደሉ ቅርጽ ፋይል፣ ጠፋ ይላችኋል። ደንበኛው ደግሞ በር ላይ ቆሟል። ይህ ያልደረሰበት እዚህ ቤት ውስጥ አለ? ካለ እጁን ያውጣ። አያችሁ፣ አንድም የለም።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። መጀመሪያ፣ ይህ ነገር ለምን ይደርስብናል? ሁለተኛ፣ ከእኛ ምን ይወስዳል? ሦስተኛ፣ ወዴት እንሂድ? ሦስተኛው ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ። የመጣችሁትም ለእሱ እንደሆነ አውቃለሁ።

ከመጀመሪያው እንነሳ። አዶቢ በሚባለው ኩባንያ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም፣ በፎቶሾፕ ያደገ ሰው ፎቶ ሲያሳንስ የኪቦርዱን ሺፍት ይጫናል። ካልተጫነ ፎቶው ይጣመማል። ይህን የምናስበው በጭንቅላታችን አይደለም፣ እጃችን ነው የሚያውቀው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 የወጣው ቨርዥን ይህንን ገለበጠው። ሺፍት ሳትጫኑ ፎቶው መጠኑን ጠብቆ ያንሳል፣ ስትጫኑ ይጣመማል። የሠራነውን የሚመልሰው ኮንትሮል ዜድም በዚያው ጊዜ ተቀየረ። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ሴቭ አዝ በሚባለው ማስቀመጫ ውስጥ የነበረው የተለመደው የፎቶ ፋይል ዓይነት፣ ጄፔግ፣ ከዚያ ወጥቶ ሴቭ ኤ ኮፒ ውስጥ ገባ። ስንት ሰው «ፕሮግራሙ ተበላሽቷል» ብሎ ፎርማት አስደረገ?

ልብ በሉ፣ አዲሱ አሠራር መጥፎ ነው አላልኩም። ዛሬ ለሚጀምር ልጅ እንዲያውም ይቀላል። የድሮውን የሚመልስ ምርጫም ፕሪፈረንስ ውስጥ አስቀምጠዋል። ግን ማን ነገረን? የሙሽራ ፊት ተለጥጦ ሦስት ሜትር ባነር ላይ ሲወጣ፣ የሙሽራው አባት ስለ ቨርዥን አይጠይቁም። የሚጠይቁት ዲዛይነሩን ነው። ከደሞዙ የሚቆረጥበትም ዲዛይነሩ ነው። አዎ፣ የሚቆረጥበት አለ። ይህን በየሱቁ አይቻለሁ፣ ያሳዝነኛል።

ለምን ይቀያይራሉ? ድሮ አንድ ሰው ፕሮግራም ሲገዛ አንዴ ገዝቶ ያበቃል። የአዶቢ የመጨረሻው እንዲህ ያለ ምርት እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ሲኤስ6 ነው። በ2013 ኩባንያው ከእንግዲህ በወርሃዊ ክፍያ ብቻ ብሎ አወጀ። ከዚያ ወዲህ ያለው የኪራይ ቤት ኑሮ ነው። ባለቤቱ ሲፈልግ በር ይቀይራል፣ ሲፈልግ ግድግዳ ያፈርሳል፣ ሲፈልግ ይጨምራል። በየወሩ የሚያስከፍል ኩባንያ በየጊዜው «ይኸው አዲስ ነገር» ማለት አለበት። ማንም ያልጠየቀው ለውጥ የሚበዛው ለዚህ ነው።

ከዚያ ኮምፒውተሩ አለ። የአሁኑ ፎቶሾፕ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም፣ ማለትም የሥራ ማኅደረ ትውስታ፣ ይፈልጋል። ከእኛ ማሽኖች ስንቶቹ 4 ናቸው? ዊንዶውስ 10 ደግሞ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ድጋፉ አብቅቷል። ብዙዎቹ ማሽኖቻችን ወደ 11 መሄድ አይችሉም። ስለዚህ አንድ አፕዴት ሌላ አፕዴት ይጠራል፣ መጨረሻው አዲስ ኮምፒውተር መግዛት ነው።

አፕዴት ሁሉ ክፉ ነው የሚል ሰው ካለ ግን አልስማማም። የደህንነት ቀዳዳ የሚደፍን አፕዴት ያስፈልጋል። አዲስ ፕሪንተር የሚያስነሳ አፕዴት ያስፈልጋል። የእኔ ጥያቄ መቼ እንደሚጫን ማን ይወስናል የሚለው ነው። በጥር ወር፣ ሠርግና ጥምቀት በተደራረቡበት ሰሞን፣ ሌላ ሰው ሊወስንልኝ አይገባም። በፍጹም አይገባም።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ከእኛ ምን ይወስዳል? ጊዜ ይወስዳል፣ ይህን ታውቃላችሁ። ከጊዜ የሚብሰው ግን ፋይላችን የእኛ መሆኑ መቅረቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ አዶቢና ፓንቶን በፈቃድ ጉዳይ አልተስማሙም። ፓንቶን የታወቁ የህትመት ቀለሞችን በቁጥር የሚያዘጋጅ ድርጅት ነው። ከዚያ ምን ሆነ? በፓንቶን ቀለም የተሠሩ ፋይሎች በአዲሱ ቨርዥን ሲከፈቱ ቀለሙ በነበረበት ቦታ ጥቁር ሆኖ መጣ። አስቡት። ፋይሉን የሠራው ዲዛይነሩ ነው። የደንበኛው ሎጎ ነው። ሁለት ኩባንያዎች ሳይስማሙ ቀሩና የእሱ ሥራ ጠቆረ። መልሶ ለማየት ተጨማሪ ክፍያ ተጠየቀ።

ሌላ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ መንግሥት በቬንዙዌላ ላይ ማዕቀብ ጣለ። አዶቢ በዚያ አገር ያሉ ተጠቃሚዎችን አካውንት በሙሉ እዘጋለሁ አለ። በኋላ ፈቃድ አግኝቶ ሐሳቡን ቀየረ፣ አልዘጋም። ግን እዚያ ያለ ዲዛይነር እነዚያን ሳምንታት እንዴት አሳለፋቸው? በገንዘቡ እየከፈለ፣ ምንም ሳያጠፋ፣ ሥራው በሌላ አገር ሰዎች ፊርማ ላይ ተንጠለጠለ። ይህ ለእኛ ሩቅ ታሪክ ነው?

እንዲያውም ቅርብ ነው። በዓመት ውል የሚከፍል ሰው የአዶቢን ፕሮግራሞች ያለ ኢንተርኔት መጠቀም የሚችለው ቢበዛ 99 ቀን ነው። ከዚያ ፕሮግራሙ ኢንተርኔት ገብቶ መክፈላችሁን ማረጋገጥ ይፈልጋል። ለኒው ዮርክ ሰው 99 ቀን ብዙ ነው። በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ግን ከ99 ቀን በላይ ቆየ። ያን ጊዜ እዚህ ነበራችሁ። እኔ ልነግራችሁ አያስፈልግም።

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ከተማውን ለቀን ወጣን። ስንመለስ ሱቁ ባዶ ነበር። ኮምፒውተር የለም፣ ፕሎተር የለም፣ የወረቀት መቁረጫው እንኳ የለም። ከእናንተ ውስጥ ይህ የደረሰበት ብዙ ነው፣ ስለዚህ አላስረዝመውም። የእናቴ ቤት ያስቀመጥኳት አንዲት ትንሽ ፕሪንተር ተረፈች። አንድ ወዳጄ አሮጌ ላፕቶፕ አዋሰኝ። መብራት ሲመለስ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ስሙን የማልጠራው የዲዛይን ፕሮግራም ተጭኖበታል። ስከፍተው ኢንተርኔት ግባ አለኝ። ኢንተርኔት የለም። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ እምቢ አለ።

በዚያ ሰሞን የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ መጣ። በፍላሽ ኢንክስኬፕና ጊምፕ የሚባሉ ሁለት ነፃ የዲዛይን ፕሮግራሞች ይዞልኝ ነበር። ጫንኳቸው። ስምህ ማን ነው አላሉኝም። ካርድህን አምጣ አላሉኝም። ተከፈቱ። የመጀመሪያው ሥራዬ ለአንድ ዳቦ ቤት «ሥራ ጀምረናል» የሚል የወረቀት ማስታወቂያ ነበር። ባለ ዳቦ ቤቷ እትዬ ወረቀቱን በር ላይ ለጥፈው አለቀሱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሶፍትዌር የማስበው በሌላ መንገድ ነው። የትኛው ብዙ ቁልፍ አለው ብዬ አልጠይቅም። ክፉ ቀን ሲመጣ የትኛው ይከፈታል ብዬ እጠይቃለሁ።

እዚህ ላይ ስለ ክራክ፣ ሳይከፈልበት ቁልፉ ተሰብሮ ስለሚጫን ፕሮግራም፣ በግልጽ እናውራ። አንሸፋፍነው። አብዛኛው ሱቅ የሚሠራው በክራክ ነው። ለምን እንደሆነም አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2025 የአዶቢ ሙሉ ጥቅል በአሜሪካ በወር ወደ 70 ዶላር ደርሷል። ምንዛሬውን 130 ብር እንኳ ብንይዘው ከ9 ሺህ ብር በላይ ነው፣ በየወሩ፣ ለአንድ ማሽን። ብሩ ቢኖርስ በየትኛው ካርድ ይከፈላል? ስለዚህ ሰው ላይ ጣት አልቀስርም። ግን ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ክራክ ነፃ አይደለም። ክራኩን ለመጫን መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ ይላችኋል። ያን ስታደርጉ የደንበኛን ፋይል ሁሉ ለማታውቁት ሰው በር ከፍታችሁ ሰጣችሁ። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ የሚገባውም በዚሁ በር ነው። ደግሞ ክራክ ባለበት ይቆማል። አዲስ አበባ ያለ ደንበኛ ኮሬል በሚባለው የዲዛይን ፕሮግራም አዲስ ቨርዥን የሠራውን ሲዲአር ፋይል ይልክላችኋል፣ የእናንተ አሮጌ ኮሬል አይከፍተውም። ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ? ሌላ ክራክ ፍለጋ። ማለቂያ የለውም።

አሁን ሦስተኛው። ወዴት እንሂድ?

መጀመሪያ ለሎጎ፣ ለስቲከር፣ ለካርድ፣ ለባነር። ኢንክስኬፕ አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረ፣ 1.0 ላይ የደረሰው በ2020 ነው። ነፃ ነው፣ የተሠራበት ኮድም ማንም እንዲያየውና እንዲያሻሽለው ክፍት ነው። ማንም ኩባንያ ተነስቶ ከእጃችሁ ሊነጥቀው አይችልም። የዛሬውን ቨርዥን በፍላሽ ካስቀመጣችሁ የዛሬ አሥር ዓመትም የእናንተ ነው። ከኮሬል ወይም ከአዶቢው ኢሉስትሬተር ለሚመጣ ሰው ደግሞ አንድ ደስ የሚል ነገር አለው። ፕሪፈረንስ ውስጥ ገብታችሁ የኪቦርድ አቋራጮቹን የኮሬል ወይም የኢሉስትሬተር ማድረግ ትችላላችሁ። እጃችሁ የለመደውን ይዞ ይቀጥላል።

ለወሎ ሰው ሌላም ጥቅም አለው፣ ይህን ማንም ሲናገር ስላልሰማሁ ጠበቅ አድርጌ ልንገራችሁ። እኛ በአንድ ሳምንት ውስጥ የኒካህ ካርድም የቤተ ክርስቲያን ሠርግ ካርድም እንሠራለን። የመውሊድ ባነር ጨርሰን የጥምቀት ቲሸርት እንጀምራለን። ስለዚህ ግዕዝም ዐረብኛም ያስፈልገናል። የግዕዝ ፊደል ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ፊደል ከፊደል አይቀጣጠልም፣ ስለዚህ የትም ፕሮግራም ላይ ብዙ አያስቸግርም። ዐረብኛ ግን ከቀኝ ይነሳል፣ ፊደላቱም ይያያዛሉ። በድሮዎቹ ፎቶሾፖች ልዩ ቅንብር ካላበራችሁ ቢስሚላሁ ፊደል በፊደል ተበታትኖ፣ ተገልብጦ ይመጣል። እንዲህ ሆኖ የታተመ ካርድ አይቻለሁ። ለአንድ ሙስሊም ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ ቅዱስ ቃል ነው። ኢንክስኬፕ ላይ ዐረብኛው ያለ ምንም ማስተካከያ ተያይዞ፣ በትክክል ይወጣል።

ድክመቱስ? አለው። ኢንክስኬፕ የሚሠራው በአርጂቢ፣ በስክሪን ቀለም፣ ነው። ለባነርና ለስቲከር ብዙ አትቸገሩም፣ የማሽኑ ሶፍትዌር ራሱ ይቀይረዋል። በፕሌት ለሚታተመው ለኦፍሴት ግን ፕሌቱ ሊወጣ ሲል ሲኤምዋይኬ፣ አራቱ የህትመት ቀለም፣ የግድ ነው። እዚያ ላይ ስክራይበስ የሚባለው ነፃ የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ይገባል። በኢንክስኬፕ የሳላችሁትን ወደ ስክራይበስ አስገብታችሁ፣ ቀለሙን አስተካክላችሁ፣ ፒዲኤፍ ታወጣላችሁ። መጽሔትና ብሮሸር ለሚሠራም ስክራይበስ ራሱን የቻለ ነው። መልኩ ያረጀ ነው፣ አልዋሽም። ሥራው ግን ሥራ ነው።

ለፎቶ ጊምፕ አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 የተጀመረ ነው። በማርች 2025 ጊምፕ 3.0 ወጥቷል፣ ከዚህ በፊት ሞክራችሁ የጠላችሁት ካላችሁ እንደገና እዩት። ፊልተር ካደረጋችሁ በኋላ ተመልሳችሁ ማስተካከል ይቻላል አሁን። በእጅ ለሚስል ሰው ክሪታ አለ፣ እሱ ሲኤምዋይኬም ያውቃል። ደንበኛ ፒኤስዲ፣ የፎቶሾፕ ፋይል፣ ልኮባችሁ ፎቶሾፕ ከሌለ ፎቶፒያ በብሮውዘር ይከፍትላችኋል።

አፊኒቲን የምትጠይቁኝ ብዙዎች ናችሁ። ጥሩ የዲዛይን ፕሮግራም ነው። ሰሪፍ የሚባል የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ጀመረው። ሰው ያመነውም አንዴ ገዝታችሁ የእናንተ ነው ስላለ ነው። በማርች 2024 ካንቫ የሚባለው የኦንላይን ዲዛይን ድርጅት ኩባንያውን ገዛው። በኦክቶበር 2025 ደግሞ ሦስቱ የአፊኒቲ ፕሮግራሞች፣ የሥዕሉ፣ የፎቶውና የገጹ፣ አንድ ሆነው በነፃ ተለቀቁ። ደስ ይላል፣ ውሰዱት፣ ተጠቀሙበት። ነገር ግን በነፃ የሚሰጠው ኩባንያው ስለፈቀደ ነው፣ ለመክፈትም የካንቫ አካውንት ይጠይቃል። ነገ ሐሳቡን ቢቀይር ማንም አይጠይቀውም። ስለዚህ ብቸኛ ምርኩዛችሁ አታድርጉት።

ፕሮግራሙ ምንም ይሁን ምን ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ ስለ ፋይል አቀማመጥ ነው። ለምን እንደሆነ በአንድ ታሪክ ላስረዳ።

አንድ ሼህ ከወረኢሉ በኩል መጡ። የአባቶቻቸውን ታሪክና የአካባቢያቸውን ወግ ከብዙ ዓመት በፊት በኮምፒውተር አስጽፈዋል። ፍላሹን በመሐረብ ጠቅልለው ነው ያመጡት። መጽሐፍ ሊያደርጉት ይፈልጋሉ። ስከፍተው አንድም የአማርኛ ፊደል የለም። ገጹ በሙሉ ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ነው። ሼሁ ከጎኔ ሆነው ስክሪኑን አዩ። «ልጄ፣ ጠፋ እንዴ?» አሉኝ። ድምፃቸው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። «አባባ አብሽሩ፣ አልጠፋም» አልኳቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የግዕዝ ፊደል ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የፎንት ሠሪዎች የግዕዙን ፊደል በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ከዚያ በኋላም ብዙ ሱቅ በዚያው ቀጠለ። ያ ፎንት ካለ አማርኛ ታያላችሁ። ፎንቱ ከጠፋ ከሥሩ ያለው እንግሊዝኛ ይወጣል። የሼሁን ጽሑፍ ያዳነው ፒያሳ ላይ አንድ የሥራ ባልደረባችን ያልጣለው አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ፎንቱ እዚያ ላይ ነበር። ከዚያ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ ቀይረን፣ ገጽ በገጽ ከእሳቸው ጋር አነበብነው። ያ ኮምፒውተር ቆሻሻ ላይ ተጥሎ ቢሆንስ ኖሮ?

ስለዚህ እለምናችኋለሁ። አማርኛ ስትጽፉ በዩኒኮድ ፎንት ጻፉ። ኒያላ አለ፣ አቢሲኒካ አለ፣ ኖቶ ኢትዮፒክ አለ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ነፃ ናቸው። ሥራ ሲያልቅ ፋይሉን በፕሮግራሙ ዓይነት ብቻ አትተዉት። ፒዲኤፍም፣ በብዙ ፕሮግራም የሚከፈተውን ኤስቪጂም አውጡለት። ፎንቱን እዚያው ፎልደር ውስጥ ክተቱ። ጽሑፉን ወደ ከርቭ፣ ወደ ሥዕል መስመር፣ ቀይራችሁ ለማተሚያ ስትልኩ፣ ያልተቀየረውን ሌላ ኮፒ አስቀሩ፣ ነገ ስልክ ቁጥሩ ሲቀየር ታመሰግኑኛላችሁ። ለደንበኛም ሎጎውን ስጡት። አንዳንዱ ሱቅ ደንበኛ እንዳይሄድበት ብሎ ፋይሉን ይይዛል። ይህ ትክክል አይደለም። ኩባንያዎቹ በእኛ ላይ ሲያደርጉት የምንናደድበትን ነገር እኛ በደንበኛ ላይ አናድርገው።

መቀየር ለሚፈልግ ሰው ደግሞ፣ በአንድ ቀን አትቀይሩ። በጥር አትቀይሩ፣ መውሊድ ሲቃረብም አትቀይሩ። ክረምት ላይ፣ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ጀምሩ። ከትንሽ ሥራ፣ ከቢዝነስ ካርድ ወይም ከስቲከር ተነሱ። የድሮውን ፕሮግራም አታጥፉ፣ ጎን ለጎን ይኑር። መጀመሪያ እጃችሁ ይዘገያል፣ ትናደዳላችሁ፣ «ይሄ የማይረባ ነው» ትላላችሁ። አብሽሩ። ልምድ ነው፣ ይመጣል።

የሱቅ ባለቤቶች፣ ይህችን ለእናንተ ነው የምላት። ልጆቹ አዲስ ፕሮግራም እንዲማሩ ሰዓት ስጧቸው። ከደሞዛቸው የማይቆረጥ ሰዓት። ማታ ቤታችሁ ተማሩ አትበሏቸው፣ ቤታቸው ኮምፒውተር የለም። በዩኒቨርሲቲና በቴክኒክ ኮሌጅ የምታስተምሩም እዚህ አላችሁ። ተማሪውን ቁልፉ የት እንዳለ ብቻ አታስተምሩት። ቀለም ምንድን ነው፣ ቬክተር ምንድን ነው፣ ክፍተት ለምን ይተዋል፣ ይህን አስተምሩት። ያን ያወቀ ልጅ ቁልፉን የትም ቢወስዱት ያገኘዋል።

እኔ ይህን ያህል ካልኩ ይበቃል፣ ከዚህ በኋላ ወደ ተግባሩ ነው። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ባለው ላፕቶፕ የኢንክስኬፕ፣ የጊምፕ፣ የክሪታና የስክራይበስ መጫኛ አለ፣ ነፃዎቹ ፎንቶችም አሉ። ፍላሽ የያዛችሁ አሁኑኑ ወደ ፊት አምጡ፣ ቫይረሱ ተፈትሾ ይገለበጥላችኋል። ያልያዛችሁ ከያዘው ውሰዱ፣ ማካፈሉ የተፈቀደ ነው። እስከዚያው ጥያቄ እንቀበል። ከኋላ እጅህን ያነሳኸው ወንድሜ፣ ስለ ፕሎተሩ ነው አይደል? ቀጥል።